ዝሆኔ የተቀመጠበት ወንበር

ጎረቤቴን ሰፈሩ በሙሉ ዝሆኔ ይለዋል። እሱም ሲጠሩት አቤት ይላል እንጂ ተቆጥቶ አያውቅም። ሥራው ከካርቶን የቤት ዕቃ መሥራት ነው፤ ወንበር፣ መደርደሪያ፣ የመብራት ቆብ፣ የመስታወት ክፈፍ። ያን የሚያህል ሰው በወረቀት መተዳደሩ ለቀልድ የተመቸ ነውና ሃያ ዓመት ሙሉ ተቀልዶበታል። ከቀላጆቹ ዋናው እኔ ነበርኩ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሱቆቻችንን የሚለያቸው አንድ ስስ ግድግዳ ነው፤ ምላሴም ሥራ ፈትታ አታውቅም።

ከሱቆች ጓሮ የተጣለ ካርቶን ይሰበስብና በዱቄት ሙጫ ያጣብቀዋል። አንዱን ድርብ በቁመት፣ ቀጣዩን በአግድም፣ እንዲህ እያፈራረቀ ዘጠኝ ድርብ። ከዚያ ድንጋይ ጭኖበት ሦስት ቀን ጥላ ውስጥ ይተወዋል፤ ፀሐይ ካገኘው ይጣመማል። አንድም ዛፍ ሳይቆረጥ የተሠራ ወንበር ነው እያለ ይኮራበታል። ገዢ ግን ገዢ ነውና ይሰበር ይሆን ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ዝሆኔ ታዲያ ሄዶ ዘፍ ይልበታል። ወንበሩ ድምፅ አያሰማም። "እኔን ከቻለ ማንን ያቅተዋል?" ይልና ይነሳል። እሱ ያልተቀመጠበት ወንበር ከዚያ ሱቅ ወጥቶ አያውቅም፤ ሌላ መፈተኛም አልነበረውም።

ባለፈው ዓመት ሱሪ ይዞ መጣ፤ ወገቡ ሰፋኝ አለ። ለካሁት፤ መቶ ሃያ ስድስት ሴንቲ የነበረው መቶ አሥራ ስድስት ሆኗል። ሚስትህ ምግብ ከለከለችህ እንዴ ብዬ ሳቅኩበት። እርጅና ነው አለኝ። ሁለት ወር ሳይሞላ ተመለሰ፤ ያንኑ ሱሪ አጠበብኩ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ግን መሳቅ አቃተኝ። ዘጠና አራት። ጨርቁን ስይዘው ሁለቱ የኋላ ኪሶች ሊሳሳሙ ምንም አልቀራቸውም። ምግብ አልረጋልኝ ብሏል አለኝና በሩን መለስ አደረገው።

"ለሚስቴ እንዳትነግራት። ትዕዛዙን ላስረክብና ሐኪም ቤት እሄዳለሁ።"

ትዕዛዙ አዲስ ከተከፈተ ንባብ ቤት የመጣ አርባ ወንበር ነው። የንባብ ቤቱ ኃላፊ መጻሕፍት ያሉበት ቤት የወረቀት ወንበር ያምርበታል ብላ ነው የመረጠችው፤ ከተወደደ ለሌሎቹም ቅርንጫፎች ታዛለች። ለዝሆኔ ይህ ከሥራም በላይ ነበር። ሃያ ዓመት የሰፈር መሳቂያ ሆኖ የኖረ ሰው አንድ ጊዜ ባለሙያ ሊባል ነው። እኔም ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ። ሚስቱ ሲቀንስ አይታው እንደሆነ እንጃ፤ ቤት ውስጥ ሁለት ሹራብ ደርቦ ይቀመጥ ነበር፤ ስትጠይቀውም ሥራ ነው ይላታል።

በግድግዳው በኩል የብሩሹን ድምፅ እሰማለሁ። ድሮ አይቋረጥም ነበር። አሁን ትንሽ ይሠራና ይቆማል፤ ደግሞ ይጀምራል፤ ደግሞ ይቆማል። አንድ ቀን ጠራኝ። ፊቱ በርቷል። ለካ ሰባት ድርብ ይበቃል አለኝ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ካርቶን ሳባክን ኖሬያለሁ። ዘፍ አለበት። ወንበሩ ድምፅ አላሰማም። እኔም አበጀህ ብዬ ትከሻውን መታሁት፤ እጄን ያገኘው አጥንት ነው። ሱሪውን ሦስት ጊዜ ያጠበብኩት እኔ፣ ትከሻውን የነካሁት እኔ፣ ያጨበጨብኩለትም እኔ። እንዲህ ያለ ደንቆሮ ከየት ይገኛል?

የርክክቡ ቀን እኔና ሚስቱ አብረነው ሄድን። ኃላፊዋ ወንበሮቹን እየዳሰሰች ወደደቻቸው። ዝሆኔ እንደ ልማዱ የመጀመሪያው ላይ ተቀመጠ፤ ቻለው። እሷም እንዲያው ለወጉ ያህል ዘበኛውን ጠርታ እስቲ አንተም ሞክረው አለችው። ዘበኛው ደልደል ያለ ሰው ነው። ተቀመጠ። የወንበሩ ጎን እጥፍ አለና ሰውየው ወለሉ ላይ ተዘረጋ። ሌላ አመጡለት፤ እሱም ታጠፈ። ማንም አልሳቀም፤ ቢሳቁ ይሻል ነበር።

ዝሆኔ ተንበርክኮ ድርቦቹን በጣቱ ቆጠረ። "ይኼ እኮ እኔን ችሎኛል" አለ።

ኃላፊዋ ክፉ ሴት አይደለችም። ቀስ ብላ፣ "አባት፣ እርስዎ እኮ ቀጭን ነዎት" አለችው።

ኃላፊዋ በፊት አታውቀውም ነበር። ሃያ ዓመት ዝሆኔ ሲባል የኖረውን ሰው ቀጭን ያለው የመጀመሪያው ሰው እሷ ናት። ሚስቱ ዞራ አየችው። ከላይ እስከ ታች ነው ያየችው፤ እሱ ግን ከወንበሩ ላይ ዓይኑን አላነሳም። እኔ በሩን ስመለከት ነበር።

በማግስቱ ሐኪም ቤት ወሰደችው። የጨጓራ ካንሰር ነው፤ ቀዶ ጥገናም የማይረዳበት ደረጃ ደርሷል፤ ለምን ቆያችሁ ተባሉ። ትዕዛዙ ተሰረዘ። አርባዎቹ ወንበሮች ሱቁ ውስጥ ተቆልለዋል፤ ጣሪያው ያንጠባጥባል፤ ውሃ ያገኛቸው ማበጥ ጀምረዋል። ሁለት ሁለት ድርብ ጨምሬ አስተካክላቸዋለሁ ይላል ከአልጋው ላይ። ብሩሹን ብሰጠው ከእጁ ወደቀ። አነሳሁለት፤ ደግሞ ወደቀ።

ትናንት ጠዋት ሚስቱ ያንን ሱሪ ይዛ ወደ ሱቄ ገባች። ገልብጣዋለች። ሦስቱ የስፌት መስመሮቼ ጎን ለጎን ይታያሉ።

"ሦስቱም ያንተ ነው?" አለችኝ።

"አዎ፣ እህቴ።"

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። የደበቀው ግን እሱ ብቻ አልነበረም። ሱሪውን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ።

"ወንበር የነገረኝን አንተ ደበቅከኝ" አለች። አልጮኸችም። ሱሪውን የስፌት መኪናዬ ላይ አስቀመጠችው። ከሰዓት ሐኪም ቤት ቀጠሮ አለው፣ ወገቡ ላይ አልቆም ብሏል፣ አጥብብልኝ አለችኝ።

ስንት ላድርገው ብዬ ጠየቅኳት።

"ቤት ገብተህ ለካው" አለችኝ። "ከእንግዲህ የምትደብቀው ሰው የለም።"

ሜትሬን ይዤ ተከተልኳት።