የሁዳዴ ቸኮላት

መቀመጥ አልችልም። ይህን ስጽፍ እንኳ ሦስት ጊዜ ተነስቼ በሩን ከፍቼ ዘግቻለሁ። ከልጅነቴ ቅብጥብጥ ነበርኩ፣ አልክድም፤ የአሁኑ ግን ሌላ ነው፣ ምክንያት አለው። ምክንያቱም ቸኮላት ነው። ብትስቁ አልቀየምም።

ጊዜው የደርግ ነው። ድርቁ ጋብ ቢልም የእርዳታ ሰዎች ላሊበላ መመላለሳቸውን አላቆሙም። እኔ በመንግሥት ሆቴል አልጋ አንጣፊ ነበርኩ። ታላቅ ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ወደ ሰሜን ከሄደ ዓመት አልፎታል። መጀመሪያ ሁለት ደብዳቤ መጣ፣ ከዚያ ጭጭ። እናቴም አብራው ጭጭ አለች። አባቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ቄስ ነበሩ፤ እሳቸው ካረፉ ወዲህ ቤቱን በጨዋታ የምትሞላው እሷ ነበረች። አሁን ግን ምን ብጠይቃት «እህ» ነው መልሷ። ሳቋን ረሳሁት። እውነቴን ነው፣ ድምፁ ጠፋብኝ።

ሁዳዴ ሲገባ ከከተማው በላይ ተራራው ላይ ላለችው ለአሸተን ማርያም ተሳለች። «ሃምሳ አምስቱን ቀን አንዲትም ሳላጎድል እጾምልሻለሁ፤ አንቺም ልጄን በሕይወት መልሺልኝ» አለቻት። ጃንጥላ ወይ መጋረጃ የምታገባበት አቅም የላትም፤ ያላት ጾሟ ብቻ ነበር። እሑድ እሑድ ያን ሁሉ ዳገት በእግሯ እየወጣች ስእለቷን ታስታውሳታለች። እኔ ስደክም እሷ አትደክምም።

አንድ ቀን አንዲት ፈረንጅ እንግዳ ልትሄድ ስትል በወረቀት የተጠቀለለ ቸኮላት በእጄ አኖረችልኝ። ዘጠኝ ሰዓት አልፏል፣ ሆዴ ይጮሃል። ወደ ቤት ስሄድ ጫፉን ቆርሼ አፌ ውስጥ ጣልኩት። ወይ ጉድ! መጀመሪያ መረር አለ፣ ከዚያ ምላሴ ላይ ቀለጠና አንጀቴ ድረስ ጣፈጠኝ። ሁልጊዜ የሚያንገሸግሸኝ የቤታችን ዳገት መቼ እንዳለቀ አላወቅሁም፤ ያለ ምክንያት ደስ አለኝ፣ ደግሞ ወዲያው ሌላ አማረኝ። የጾም ነው ወይ ብዬ አልጠየቅሁም። ምን ያስጠይቃል? ወተት ነጭ ነው፣ ቅቤ ቢጫ ነው፣ ሥጋ ቀይ ነው። ጥቁር ነገር እኛ ዘንድ ከኑግ ወገን ነው።

እናቴ ጥጧን ይዛ ፊቷን ወደ ግድግዳው መልሳ ተቀምጣለች። «የፈረንጆች ኑግ ልጥልጥ ነው፣ ቅመሺው» ብዬ ቁራሽ ሰጠኋት። ተቀበለችኝ፣ ዓይኗን ጨፈነች። «እንዴ!» አለች። ሌላ ቁራሽ ሰጠኋት። ጥቂት ቆይታ ወሬ ጀመረች። ወንድሜ ዲያቆን ሳለ ማኅሌት ላይ መቋሚያውን ተደግፎ እንዳንቀላፋ፣ ከነመቋሚያውም ፊቱ በቆሙት መሪጌታ ላይ እንደወደቀ አወራችልኝ። የመሪጌታውን አወዳደቅ እያሳየች እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፣ ግን እሷን እንጂ መሪጌታውን አልነበረም የማየው። ቸኮላቱ ይሁን የልጇ ትዝታ፣ ምኑ እንዳሳቃት ዛሬም አላውቅም።

በማግስቱ የሆቴሉ ወጥ ሠሪ፣ አዲስ አበባ ትልልቅ ሆቴል ሠርተው የመጡ ሽማግሌ፣ የቸኮላቱን ወረቀት ከሽርጤ ኪስ ወጥቶ አዩት።

«አንቺ ልጅ፣ ጾም ገደፍሽ እንዴ?»

«ምን በልቼ?»

«ይሄ እኮ ወተት አለበት!»

የታቀፍኩት አንሶላ መሬት ወደቀ።

ከዚያ በኋላ መቆሚያ መቀመጫ አጣሁ። ብነግራት ልጄን ገደልኩት ትላለች። ባልነግራት ደግሞ ስእለቷ በኔ እጅ ፈርሶ ቀረ። የንስሐ አባታችን ደጅ ሁለት ጊዜ ሄጄ ሁለቴም ሳላንኳኳ ተመለስኩ። የቀረውን ቸኮላት ገብሱ ውስጥ ቀበርኩት። እናቴ በሦስተኛው ቀን ተመልሳ ጭጭ አለች። ዘጠኝ ሰዓት ደርሶ እንኳ ምሳዋን አልነካ አለች። «ጥቁሯ ነገር አለቀች?» ብላ አንድ ጊዜ ጠየቀችኝ፤ ከዚያ ወዲህ ከሥራ ስመለስ እጄን እጄን ታያለች። አንጀቴ አልቻለም። በአምስተኛው ቀን ከገብሱ ውስጥ አውጥቼ ሰጠኋት። አውቄ ነው የሰጠኋት፤ ይህን ሳልሸፋፍን ልጻፈው። ስትስቅ አብሬያት መቀመጥ አቅቶኝ ደጅ ወጣሁ።

ፋሲካ አለፈ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ማለዳ መርዶ ነጋሪዎች መጡ። እናቴ ደረቷን እየደቃች ወደ አሸተን ተራራ ቀና ብላ «ምን አጎደልኩብሽ? አንዲት ቀን አጎደልኩብሽ ወይ?» ብላ ጮኸች። እኔ አጠገቧ ቆሜ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን አልረገጠችም። እስቲ አስቡት፣ የላሊበላ ቄስ ሚስት! ቄሶቹ ሊያጽናኗት ሲመጡ «እናንተን ትስማችሁ፣ እኔንስ ንቃኛለች» ትላቸዋለች።

እንዲህ ሆና ዓመታት አለፉ። ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ሲቀረው ሳል ያዛትና ከሳች። ሳትቆርብ፣ ከማርያም እንደተቀያየመች ልትሞትብኝ ነው ብዬ ፈራሁ። አንድ ጠዋት እግሯ ሥር ተንበረከክሁ።

«እምዬ፣ ያ ቸኮላት ወተት ነበረበት። ጾምሽ ተገድፎ ነበር። እሷ አልበደለችሽም።»

ትመታኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ብትመታኝ ደስ ባለኝ።

«ታዲያ አልናቀችኝማ!» አለች፣ እንባዋ እየወረደ።

«አልናቀችሽም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ሳታውቂ ነዋ! ምን ጥፋት አለብሽ፣ የኔ ልጅ?» በነጠላዋ ጫፍ ፊቴን ጠረገችልኝ። ከዚያ እጇ ጉንጬ ላይ እንዳለ ቆመ። «ሁለት ጊዜ ነው የሰጠሽኝ፣ አይደል?»

«አዎ።»

«ሁለቱንም ጊዜ አላወቅሽም?»

«ሁለቱንም ጊዜ አላወቅሁም፣ እምዬ» አልኳት።

«እሰይ!» ብላ ግንባሬን ሳመችኝ፤ ነጠላዋን አጣፍታ ምርኩዟን ይዛ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደች።