አውሎ ነፋስ የጣለው ማንጎ

የጰራቅሊጦስ ማግስት ሰኞ ጠዋት ስንቄን ይዤ ወደ ባሕሩ ስወርድ፣ የመንደራችን ልጅ ኮስሞር ቀድሞኝ ጀልባዋ ውስጥ ተቀምጧል። ጀርባውን ሰጥቶኝ የመልሕቁን ገመድ ጉልበቱ ላይ ዘርግቷል፤ በየአሥር ክንዱ የአሮጌ ሸራ ቁራጭ ያስርበታል። የገመዱ ምልክት ድሮ ቀይ ቀለም ነበር። ቀለም በዓይን ይታያል፣ ጨርቅ ግን በእጅ ይቆጠራል። ቀና ሲል አየኝ።

«ምንም አላየሽም» አለኝ።

«ምንም አላየሁም» አልኩት።

የጀልባዋ ባለቤት ካፒቴን ኢጀርተን ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። ጀልባዋን እዚሁ ካሪያኩ ደሴታችን ዳርቻ ላይ በገዛ እጃቸው ሠሯት። ከደሴት ደሴት አርባ ዓመት ሲሚንቶና ሽንኩርት፣ አንዳንዴም የሰው አስከሬን አመላልሰውባታል። አሁን ጭነት ትተዋል። በየዓመቱ በዚህች ሰኞ ግን እኛን ወዳጆቻቸውን አሳፍረው ጠረፉን ተከትለው ይወስዱናል፤ አንዲት ትንሽ የባሕር ወሽመጥ ውስጥ መልሕቅ እንጥላለን፣ እንበላለን፣ ጸልየን እንመለሳለን።

ከሁለት ዓመት ወዲህ ዓይናቸው ደክሟል። ሁላችንም እናውቃለን፤ የነገራቸው ግን የለም። እኛ ዘንድ ካፒቴንን «አያዩም» ማለት ቄስን «አያምኑም» እንደ ማለት ነው።

ጎረቤታችን ቨርኔል ከዛፍ የሚለቀም የዳቦ ፍሬና በጨው የደረቀ ዓሣ የሞላ ድስት ታቅፋ መጣች።

«ቨርኔል፣ ድስቱን መሐል አስቀምጪው» አሉ ካፒቴን። «አንቺና ድስቱ በአንድ ወገን ከሆናችሁ ጀልባዬ ትገለበጣለች!»

«እርስዎ ከድስቱ ሦስቴ ሲበሉ ያን ጊዜ ክብደቱ አይታይዎትም!»

ሳቅን። ወዲያው ግን ከአፏ የወጣው ቃል ገባትና ከንፈሯን ነከሰች። ካፒቴን ምንም እንዳልሰሙ ሸራው እንዲነሣ አዘዙ።

ነፋሱ መልካም ነበር። ካፒቴን ነፋስን በጉንጫቸው፣ የውሃውን ግፊት በእግራቸው መዳፍ ያውቁታል፤ መሪውን ይዘው ሲያዩአቸው ዓይናቸው ታሟል ብሎ የሚጠረጥር የለም። እኔም በልቤ፣ ጌታ ሆይ፣ ይህችን ቀን በሰላም አሳልፋቸው እያልኩ ነበር።

የዚያች ወሽመጥ መግቢያ ጠባብ ነው፤ ግራና ቀኙ ከውሃ በታች ቋጥኝ ነው። አባቶቻችን የሚገቡት በሁለት ምልክት ነበር፦ ከፊት የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ፣ ከኋላው ኮረብታው ላይ ያለ ትልቅ የማንጎ ዛፍ። ማንጎው ልክ ከጣሪያው በላይ ሲቆም ጀልባው ጥልቁ ላይ ነው። ከተለያዩ ግን ወዮለት።

ካፒቴን አንገታቸውን ወደ ኮረብታው አቀኑ።

«ማንጎው ጣሪያው ላይ ቆሟል» አሉ በኩራት። «እንገባለን።»

ያ ማንጎ ባለፈው ዓመት ከበዓሉ በኋላ በመጣው አውሎ ነፋስ ከሥሩ ተነቅሎ ወድቋል። እሳቸው ከዚያ ወዲህ ወደዚህ አልመጡም፤ እንዳናሳዝናቸው ብለን እኛም አልነገርናቸውም። ኮስሞር አየኝ፤ አየሁት። ቨርኔል አፏን በእጇ ያዘች። ከቀኝ በኩል ቋጥኙ ቀርቦ ውሃው ቡናማ መሆን ጀመረ።

«ካፒቴን!» ብዬ ጮኽኩ። «ማንጎው የለም! ወደ ግራ! ወደ ግራ ይበሉ!»

ለአፍታ እንኳ አላመነቱም። ጀልባዋ ዞረች፤ ከሥራችን አንድ ነገር እንደ መጋዝ ረጅም ድምፅ አሰምቶ ቧጠጣትና አለፈ። ከዚያ ውሃው ሰማያዊ ሆነ።

መልሕቁን ራሳቸው ጣሉ። ገመዱ በመዳፋቸው ውስጥ ሲያልፍ ጣቶቻቸው አንዱ ጨርቅ ላይ ቆሙ። ዳሰሱት። መልሕቁ አሸዋውን መንከሱን በገመዱ ካዳመጡ በኋላ፣

«ይህ የኮስሞር ቋጠሮ ነው» አሉ። «ከአባቱ ነው የተማረው። አባቱን ያስተማርኩት እኔ ነኝ።»

ኮስሞር ወደ እግሩ አቀረቀረ።

እሱና ቨርኔል ድስቱን ከኋላ በጎተትናት ትንሽ ታንኳ ይዘው ወደ ዳር ሲቀዝፉ፣ ካፒቴን እኔን አስቀሩኝ።

«መቼ ወደቀ?»

«በአውሎ ነፋሱ ጊዜ።»

«ሁላችሁም ታውቁ ነበር።»

«አዎ፣ ካፒቴን።»

«ዓይኔንስ?»

መዋሸት አልቻልኩም። «እሱንም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ፊታቸው ላይ ቁጣ ፈለግሁ፤ አላገኘሁም።

«አርባ ዓመት አንድም ሰው ለባሕር አልሰጠሁም» አሉ። «ክብሩ የእግዚአብሔር ነው። ዛሬ ሦስታችሁንም ልሰጥ ነበር፤ በሌለ ዛፍ!»

«ጌታ አተረፈን።»

«በአንቺ አፍ አተረፈን። ኮስሞር ደግ ነው፤ ጨርቅ ያስርልኛል። ቨርኔል ታስቀኛለች። አንቺ ግን ጮኽሽብኝ።» እጄን ፈልገው ያዙ፤ መዳፋቸው እንደ ገመድ ሻካራ ነው። «አንድ ነገር ልለምንሽ።»

«ይበሉኝ።»

«ስንመለስ ከአጠገቤ ተቀመጪና የምታዪውን ሁሉ ንገሪኝ። እንደሚያይ ሰው ጀልባዬን ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ቤቷ ላግባት። ዳር ስንደርስ መሪውን ለኮስሞር አስረክበዋለሁ፤ ከእንግዲህ ጀልባዋ የእሱ ናት። ምናልባት ያን ጊዜ ድምፄ እምቢ ካለኝ፣ እባክሽ ልጄ፣ አንቺ ለእሱ ንገሪልኝ።»