ድምፅ ሳይገባ የበራው አምፖል

ካሳሁን ደብረ ታቦር ውስጥ በሬዲዮ ጠጋኝነቱ የታወቀ ነበር፤ በምላሱም እንዲሁ። ከጦር ሠራዊት መገናኛ ተሰናብቶ ከመጣ ጀምሮ ከቀበሌው ሊቀመንበር ከደሞዜ ጋር ዓይንና ናጫ ሆነዋል። ደሞዜ የሱቁን ጓዳ ትርፍ ቤት ነው ብሎ ወሰደበት፤ ካሳሁንም በስብሰባ መሃል ተነሥቶ ሌባ አለው።

በ1972 ዓ.ም. የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ሲበላሽ ደሞዜ ሌላ እንዲሠራ አዘዘው። እምቢ ማለት መታሰር ነው። ካሳሁን ከሞቱ ሬዲዮኖች ዕቃ ለቃቅሞ ማጉያውን ሠራ፤ ኃይሉን ከሁለት የመኪና ባትሪዎች ሰጠው። በስብሰባው ቀን ገና እንደተከፈተ ስፒከሩ አንዴ ጓ ብሎ ዝም አለ። የስፒከሩ የወረቀት ሽፋን ወደ ውጭ ተወጥሮ ቀረ፣ ጭስም ሸተተ። ሕዝቡ ሳቁን ዋጠ። ደሞዜ ይህ አሻጥር ነው አለ።

ካሳሁንን ማሬ የሚባለው አብዮት ጠባቂ በጠመንጃ ሰደፍ እየገፋ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት አስገባው። ባትሪዎቹን ወፍጮ ቤት ወስዶ ያስሞላው ማሬ ነበር። ደሞዜ ጥፋተኛውን ዛሬ ማወቅ እፈልጋለሁ፣ ከሁለታችሁ አንዳችሁ ትታሰራላችሁ አላቸው።

ካሳሁን በተቃጠለው ስፒከር ምትክ የመኪና አምፖል አሰረ። ድምፅ እስካልገባ ድረስ አምፖሉ መጥፋት ነበረበት፤ እሱ ግን ቀልቶ በራ። ያኔ ካሳሁን ስፒከሩን ምን እንዳቃጠለው ገባው። ድምፅ የሌለበት፣ ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚገፋ ኤሌክትሪክ እየፈሰሰ ነው። ከየት እንደሚመጣ ግን አላወቀም።

ባትሪዎቹን በኤሌክትሪክ መለኪያው፣ በቴስተር ለካ። አንደኛው ትንሽ ደከም ብሏል።

«ባትሪው ነው በለኝና ወደ ቤትህ ሂድ» አለው ደሞዜ። ማሬ ፊቱ ክው አለ።

ካሳሁን ግን ሁለቱን ባትሪዎች ቦታ አቀያየራቸው፤ አምፖሉ እንደ በፊቱ በራ፤ ጥፋቱ የባትሪው አልነበረም። ከዚያ ድምፁን የሚያጎሉትን ትራንዚስተሮች አንድ በአንድ በጣቱ እየያዘ አሞቃቸው። የድምፅ መግቢያው ላይ ያለችውን ትንሿን ሲይዛት አምፖሉ ይበልጥ ደመቀ። ነቅሎ በቴስተር ሲፈትናት፣ ኤሌክትሪክ ማገድ በሚገባት በኩል ታሳልፋለች። ከቤቱ የገዛ ሬዲዮውን አስመጥቶ ከውስጡ ደህናዋን አውጥቶ በየዳት። አምፖሉ ጠፋ፤ የቴስተሩም መርፌ ዜሮ ላይ ቆመ።

«ታዲያ ማን ነው?» አለ ደሞዜ።

«ዕቃዋ ነች፤ ያረጀች ነበረች። መርጬ ያስገባኋት እኔ ነኝ።»

«በአፍህ አመንክ።»

ወደ እስር ቤቱ ሲወስደው ማሬ እንደ መጀመሪያው በሰደፍ ገፋው። «ውለታ የዋልክልኝ እንዳይመስልህ» አለው።

«ላንተ ብዬ አይደለም» አለ ካሳሁን። «ባትሪው ደህና ነበር።»

ክረምቱን እዚያው ታስሮ ከረመ። ማጉያው ሌላ ስፒከር ተገጥሞለት አደባባዩ ላይ ሲጮህ ከእስር ቤቱ ይሰማዋል፤ ደሞዜ በእሱ ሥራ እሱን ያወግዝበታል፤ ድምፁ ጥርት ያለ ነው። ካሳሁን በንዴት ጥርሱን ያፋጫል፤ ጆሮው ግን አንዳች እንከን አላገኘበትም።

ሚስቱ ፈንታነሽ በዚያው ክረምት ዕቃቸውን ጭና ጋሳይ ከተማ ወንድሟ ዘንድ ገባች። ካሳሁንም ሲፈታ ደብረ ታቦርን ዞር ብሎ ሳያይ ተከተላት። ጋሳይ መንገድ ዳር ሱቅ ከፍቶ ጥገናውን ቀጠለ። አንድ የገበያ ቀን ማሬ የተሰበረ ሬዲዮ አቅፎ መጣ። ካሳሁን ዓይኑን ከሥራው ሳያነሣ፣ ሌላ ጠጋኝ ፈልግ አለው።