ማስተዋል ሙላቴና አሥራ ሁለቱ ጀሪካኖች

ማስተዋል ሙላቴን ስትቆጣ ያላየ ሰው ዝምተኛ ናት ይላል። እኔ አንድ ግቢ ውስጥ ስለምንኖር ሁለቱንም አይቻለሁ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ለሥራ ስትወጣ ሕፃን ልጄ እንዳይነቃ ብላ ባጃጇን ሞተር ሳታስነሳ እስከ ግቢው በር በእጇ ትገፋዋለች። ይህችው ማስተዋል ናት ባለፈው ጥር፣ በጋፋት መንገድ ዳር ባለው የግጦሽ ሜዳ ላይ፣ አሥራ አራት ወንድ ሹፌር ፊት ውድድሩን ቀጥ ያደረገችው። የሆነውን እንደሆነ እጽፈዋለሁ። ለመጪው ዓመት ለመግባት የምታስቡ ጀማሪዎች፣ በተለይ ሴቶች፣ ከእሷ የምትማሩት አለና።

የይፋግ ገበሬ ልጅ ናት። አሥረኛ ክፍል ጨርሳ ደብረ ታቦር አክስቷ ዘንድ መጣች፣ ባጃጅ እያጠበች መንዳት ተማረች፣ መንጃ ፈቃድ አወጣች። እነሆ አራት ዓመቷ ነው፤ ሰው ገጭታ አታውቅም። ታዲያ ተራ ይዛ ቆማ ተሳፋሪ ይመጣል፣ ጎንበስ ብሎ ወደ ውስጥ ያያል፣ «ሴት ናት እኮ» ይልና ከኋላዋ ወደ ቆመው ያልፋል። አዛውንት ሲሆኑ ደግሞ በትሕትና ነው የሚያልፏት።

«ይግቡ እንጅ አባባ፣ አደርስዎታለሁ።»

«ግድ የለም ልጄ፣ በእግሬ ቀስ እያልሁ ብሄድ ይሻለኛል» ይሏትና ሦስት እርምጃ ሄደው የኋለኛው ባጃጅ ላይ ይወጣሉ።

ይህን በቀን ስንት ጊዜ እንደምትውጠው አስቡት። የባጃጅ ሹፌሮች ማኅበር ተወዳድረው ለማያውቁ ጀማሪዎች ውድድር አዘጋጃለሁ ሲል የመጀመሪያዋ ተመዝጋቢ የሆነችው ለዚህ ነው። የሁሉም ሰዓት በተራ መጠበቂያው ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፣ ዓመቱን ሙሉም አይነሳም ተብሏል። ሽልማት አልፈለገችም። ስሟ ከወንዶቹ ጋር ሰሌዳው ላይ እንዲሰፍር፣ መንዳቷን ተሳፋሪ ሁሉ እንዲያነብ ብቻ ነበር የፈለገችው።

ውድድሩ እሽቅድምድም አይደለም። አሸዋ የተሞሉ አሥራ ሁለት ቢጫ ጀሪካኖች ሜዳው ላይ ተራርቀው ይቆማሉ፤ ሹፌሩ ብቻውን በመካከላቸው እየተጠማዘዘ ይሄዳል፤ በስልክ ሰዓት ይያዝለታል። ጀሪካን የነካ ሁለት ሰከንድ ይጨመርበታል። መሀል ላይ ሞተር የጠፋበት ዙሩ አይቆጠርለትም። መድገም የሚፈቀደው ላም እንደ መግባት ያለ፣ የሹፌሩ ጥፋት ያልሆነ ነገር ሲያጋጥም ብቻ ነው።

በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ማስተዋል ሜዳውን ሦስት ጊዜ በእግሯ ዞረችው። እኔ ልጄን አዝዬ ከኋላዋ ነበርሁ። አንገቷን ደፍታ መሬቱን ነው የምታየው፤ የት ያንሸራትታል፣ የት ጉድባ አለ። ያን ዕለት የነገረችኝን አልረሳውም። የምታልፊውን ጀሪካን አትይ፤ ዓይንሽ ቀድሞ የሚቀጥለው ላይ ይሁን፣ እጅሽ ዓይንሽን ይከተላል። ፍሬን ባጃጁ በቀጥታ እየሄደ ሳለ፣ ከመታጠፍሽ በፊት ያዥ። ባጃጅ ከፊት አንድ ጎማ ነው ያለው፣ መታጠፊያው ውስጥ ፍሬን ከያዝሽ አንዱን የኋላ ጎማ ያነሳና ይደፋሻል። ቀስ ብለሽ ግቢ፣ ስትወጭ ነዳጅ ስጭ። ጃንጥላም ሆነ የውሃ ላስቲክ፣ ልቅ የሆነውን ሁሉ አውርጅ። የጎማሽን ነፋስ በማታው ልክ አትተማመኝ፣ ጠዋት አስለኪ።

ዳኛቸው የሚባለው ሹፌር፣ አፉ የማያርፍ ሰው፣ ከመንገዱ ሆኖ ጮኸ፦ «ማስተዋል! ጀሪካን የምትቆጥሪው ልትቀጅ ነው?»

«ነገ ስትገለበጥ የማጠጣህን እየቀዳሁ ነው!»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሜዳው በሰው ተሞላ። ዳኛው የማኅበሩ ሰብሳቢ ጋሽ ዘውዱ ነበሩ። ተራ ጠባቂዎቹ አንዱ የሌላውን እንዳያይ ከሜዳው ጫፍ ካሉት ባሕር ዛፎች ማዶ ተሰለፉ። አሁን ማስተዋልም ሌላው ሹፌርም ያላሰበው ነገር ወጣ። ሰባተኛውን ጀሪካን ሲታጠፉ፣ ከዛፎቹ አናት በላይ የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ፊት ለፊት ብቅ ይላል። የኛ ከተማ ሹፌር ደግሞ ጉልላት ሲያይ ቀኝ እጁን አንስቶ ያማትባል። ሳያስበው ነው፤ ቢተወውም ተሳፋሪው ይቆጣዋል። አስፋልት ላይ ምንም አይደል። ግን የባጃጅ ነዳጅ መስጫው በቀኝ እጅ መዳፍ ውስጥ ነው። መታጠፊያ ላይ እጅ ሲነሳ ነዳጁ ይቋረጣል፣ ሞተሩ ይንተፋተፍና ጸጥ ይላል።

መጀመሪያ ዳኛቸው አማተበና ቀጥ አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ጋሽ ዘውዱም እየሳቁ «ተሳልሞ ነው እኮ! ይድገም!» አሉ። ቀጥሎ አዳነ፣ ከዚያ ሳሙኤል እንዲሁ። «ይድገም፣ ይድገም።» ሦስቱም ደገሙ፣ ሰዓታቸውም ተጻፈ።

የማስተዋል ተራ ደረሰ። እስከ ስድስተኛው ድረስ ጀሪካኖቹን ነፋስ እንኳ ሳታስነካ አለፈች። ሰባተኛውን ታጠፈች። ቀኝ እጇ ተነሳ። ሞተሩ ጠፋ።

«አበቃላት፣ ቀጣይ!» አሉ ጋሽ ዘውዱ።

ማስተዋል ወርዳ መጣች፤ ሦስቱ ተሳልመው መድገማቸውን ስነግራት ወደ ዳኛው ዞረች። «ጋሽ ዘውዱ፣ እኔም ተሳልሜ ነው።»

«አንችማ ደንግጠሽ ነው። ሴት ልጅ መታጠፊያ ላይ ትደነግጣለች፣ ምን ነውር አለው? ሂጅ ውሃ ጠጭ።»

«እጄን ሳነሳ አላዩም?»

«ምኑን ልይ ልጄ፣ ሰዓት ነው የማየው።»

«የዳኛቸውን እጅ አይተዋል። የኔ እጅ አይታይም?»

ዙሪያውን የነበረው ሰው ፈገግ አለ። ያቺ ፈገግታ ናት ደሜን ያፈላችው። ሦስት ወንድ ሲያማትብ መንፈሳዊ፣ አንዲት ሴት ስታማትብ ፈሪ! ልጄን ለጎረቤቴ ለገነት ሰጥቼ ልጮህ ስል ማስተዋል ቀደመችኝ። አልጮኸችም። ባጃጇን እየገፋች መነሻው መስመር ላይ አምጥታ አግድም አቆመችው፣ ቁልፉን ነቅላ ኪሷ ከተተች።

«ወይ እጁን ያነሳ ሁሉ ይደግማል፣ ወይ እጁን ያነሳ ማንም አይደግምም። ሁለቱም ደንብ ነው፣ እርስዎ ይምረጡ። መሰረዙም አይከፋኝ፤ ግን አራታችንም እንሰረዝ።»

«ውድድር ልታስቆሚ ነው?»

«ያስቆሙት እርስዎ ነዎት።»

ዳኛቸው ከተመልካቹ መሀል ዘሎ ወጣ። «የምን መሰረዝ ነው? እኔ ለጸሎት ነው ያነሳሁት!»

«እኔ ዝንብ ላባርር ነበር?»

ሳቁ አሁን ወደ ዳኛቸው ዞረ። ጋሽ ዘውዱ ፊታቸው ጠቆረ፣ ደብተራቸውን ገለጡ፣ እስክሪብቷቸውን አወጡ። «እንግዲያው አራቱንም እሰርዛለሁ፤ ግልግል ነው!»

ዳኛቸው ክንዳቸውን ለቀም አደረገ። «ጋሼ፣ ጋሼ፣ ቆይ! ትድገም! ምን ችግር አለው፣ እህታችን ናት!» አዳነና ሳሙኤልም ተቀበሉት፦ «ትድገም! ትድገም!» የሰዓታቸው ነገር እስኪመጣ ድረስ እህትነቷ ትዝ ያላለው ሁሉ! በጎ ቃል ሰምቼ እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም።

ጋሽ ዘውዱ እጃቸውን አወናጨፉ። «ድገሚ በይ፣ ቶሎ!»

ቶሎ አላለችም። ገብታ ተቀመጠች፣ መዳፏን ሱሪዋ ላይ ጠረገች፣ ዓይኗን ጨፍና ቆየች። በንዴት የያዙት መሪ ጀሪካን ላይ ነው የሚወስደው።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አሉ።

«ትንፋሼን። ሰዓቱ ገና አልጀመረም።»

ከዚያ ሞተሩን አስነስታ ተነሳች። ሰባተኛው ላይ ጉልላቱ ብቅ ሲል እጇ እጀታው ላይ ጠበቀ፤ አንገቷን ብቻ ዝቅ አደረገችና አለፈች። ዘጠነኛው ላይ ፈጥና ገባችና ጀሪካኑን በኋላ ጎማ ጣለችው። የቀረውን ጨርሳ ወጣች። ከቅጣቱ ጋር አንድ ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ፣ ከአሥራ አምስቱ ስድስተኛ። ዳኛቸው ሁለተኛ ወጥቷል፣ አዳነና ሳሙኤል ከእሷ በታች ናቸው።

አቅፌ ልስማት ስሄድ ፊቷ አልተፈታም። «ዘጠነኛው የራሴ ጥፋት ነው፣ በማንም አላላክክም» አለችኝ። «መድገሙ ግን ለእነሱ በሳቅ ነው የተሰጣቸው። እኔ ለምን መንገድ ዘግቼ አገኘዋለሁ?» ለመጪው ዓመት ለምትገቡ ይህን እላለሁ፦ ደንቡን ከውድድሩ በፊት ጠይቁ፣ በጽሑፍም አስይዙት፣ መንገዱን ስትዞሩ መሬቱን ብቻ ሳይሆን ቀና ብላችሁ ሰማዩንም እዩ።

ሰኞ ጠዋት ጋሽ ዘውዱ በተራ መጠበቂያው ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ሲጽፉ ሹፌሩ ሁሉ ከቧቸዋል። የወንዶቹ ሁሉ ስም ከነአባታቸው ነው። ስድስተኛው መስመር ላይ ሲደርሱ «ማስተዋል፣ ሴት» ብለው ጻፉ።

«ጋሽ ዘውዱ፣ የአባቴ ስም የት ገባ?»

«ሰው እንዲለይሽ ብዬ ነው እኮ።»

«አምስተኛው ጎን ወንድ ብለው ጽፈዋል?»

ሰሌዳውን አዩ፣ እሷን አዩ፣ አንድም ሰው አልሳቀም። «ሴት» የሚለውን በእጅጌያቸው ጠረጉት። ማስተዋል ተሳፋሪ ቢጠራትም አልዞረችም፤ «ሙላቴ» የሚለው ስም የመጨረሻ ፊደሉ ተጽፎ እስኪያልቅ ድረስ ከአጠገባቸው አልተነቃነቀችም።