የአቮካዶ ሠርግ

ሀቢቾ አጠገብ ያለው የአቶ ማቲዎስ የፍራፍሬ እርሻ ለተማሪ ሊዘጋ አንድ ጥፋት ብቻ ቀርቶት ነበር። ባለፈው የመጡት ልጆች የማንጎ ቅርንጫፍ ስለገነጠሉ፣ ሚስቱ እልፍነሽ «አንድ ነገር ደግሞ ቢነካ ተማሪ በዚህ በር አይገባም!» ብላለች። እልፍነሽ ካለች አለች ነው። ለማቲዎስ ደግሞ ተማሪ ያልመጣበት ሳምንት ጨው የሌለው ወጥ ነው፤ ማስረዳት ይወዳል።

ማክሰኞ ጠዋት መምህርት ትርሲት አርባ ሁለት ልጆች ከሆሳዕና ይዛ መጣች። ማቲዎስ እጁን እያፋተገ ወደ ችግኞቹ ወሰዳቸው።

«ይህ ከዘር የበቀለ አቮካዶ ነው። ጠንካራ ነው፤ ግን ፍሬው ይዘገያል። ስለዚህ አናቱን ቆርጠን ግንዱን እንሰነጥቃለን። ከምርጥ ዛፍ የመጣ ቀንበጥ አሹለን እንሰካበትና በላስቲክ እናስራለን፤ ከላይም ሌላ ላስቲክ እናጠልቅበታለን። ገባችሁ?»

«አልገባንም፣ ጋሼ» አሉ። ማቲዎስ ራሱን አከከና ድንገት ፊቱ በራ።

«ሠርግ ነው በሉት! ግንዱ ሙሽራው፣ ቀንበጧ ሙሽራይቱ። ይህ ከላይ ያጠለቅነው ላስቲክ ቬሎዋ ነው!»

አሁን ገባቸው። እንዲያውም ከልክ በላይ ገባቸው።

«ጋሼ፣ ጥሎሽ ምን ተሰጠ?»

«ሚዜዎቹስ?»

እልልታው ቀለጠ። ማቲዎስ ስለ ጥሎሹ አስረድቶ ዞር ሲል፣ ሰብሌ የምትባል ተማሪ ትናንት የተዳሩ የስድስት ሙሽሮች ቬሎ ገልጣ፣ እስራቸውንም ፈትታለች፤ ቀንበጦቹ መሬት ወድቀዋል።

«ምነው ልጄ?!»

«ፊታቸውን ልይ ብዬ ነው፣ ጋሼ።»

ማቲዎስ ችግኞቹ መካከል ቁጭ አለ። «አለቀልን። እልፍነሽ ካየች በሩ ተዘጋ።»

ልጆቹ ተንሾካሾኩ። ወዲያው ሦስቱ የመምህርቷን ነጠላና የሁለት ጓደኞቻቸውን ሹራብ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ዱላ ይዘው፣ ጎበጥ ብለው እልፍነሽ ደጃፍ ቆሙ።

«ምንድን ነው? ግቡና ተቀመጡ» አለች።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አለ ከሦስቱ አንዱ፣ አሞጽ፣ እንደ ሽማግሌ እየሳለ። «ስድስት ሙሽሮች ከባሎቻቸው ተለያይተው ነው።»

እልፍነሽ ሳቋን በነጠላዋ አፍና ወደ ችግኞቹ ወረደች። አንዷን ቀንበጥ አንስታ በጣቷ ዳሰሰች።

«ገና እርጥብ ናት፤ ትታረቃለች። ነይ ሰብሌ፣ የፈታሽውን ራስሽ እሰሪ። አጥብቂ!»

«እዚህ ላይ ልብ በሉ፤» አለ ማቲዎስ ብድግ ብሎ፣ «የግንዱ ልጥ ከቀንበጧ ልጥ ጋር ካልገጠመ…»

«ዝም በል አንተ! በሽምግልና መሀል የሙሽራው አባት አይናገርም።»

ስድስቱም ታስረው ሲያልቁ ወደ ትርሲት ዞረች።

«ከወር በኋላ መልስ እንጠራለን፤ ልጆቹን ሁሉ ይዘሽ ነይ። ሙሽሮቹ ቅጠል ካላወጡ ግን የምይዘው ሽማግሌዎቹን ነው።»