መንገዱ የታጠፈበት ቦታ

አዳማ ያን ጊዜ ከባቡር ጣቢያው ብዙ የማትርቅ፣ አቧራ የበዛባት መንደር ነበረች። ባለቤቴ ሐዲድ ጠጋኝ ስለነበር ከሳምንቱ አብዛኛውን ቀን ወደ ሞጆ በሚወስደው መስመር ላይ ነው የሚያድረው። ጣሊያን ከመግባቱ በፊት በነበሩት ዓመታት ሰው እየበዛ ሲመጣ ሁለት ጊዜ ከቦታችን አስነሥተውናል፤ አንዴ ለነጋዴ መጋዘን፣ አንዴ ለሹም ግቢ። ሦስተኛውን ጎጆ ስናቆም ጉልበቴ አልቆ ነበር።

ሴት ልጄን በወለድኩ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ገመድና ችካል የያዙ ሰዎች መጡ። ከጣቢያው እስከ ገበያው ቀጥ ያለ መንገድ ሊያወጡ ነው፤ ገመዱ በቤቴ መካከል ያልፋል። ሹሙ ቤቱ ዛሬውኑ ይፍረስ ሲል ተኝቼ እሰማለሁ። ባለቤቴ የለም። መሄጃም አልነበረንም።

ወተት የሚያመጡልኝ የኦሮሞ እናት ጎረቤት ነበሩኝ። በሠርጋቸው ቀን ከእናታቸው የተቀበሉትን፣ ሲንቄ የሚሉትን ቀጭን በትር ይዘው መጡና በቤቴ ደፍ ላይ አጋድመውት ቆሙ። በእነሱ ልማድ ያንን በትር የሚሻገር የለም። ከሠራተኞቹ ሁለቱ የአርሲ ልጆች ነበሩ፤ መጥረቢያቸውን መሬት አስቀመጡ።

እሳቸው ለሹምም ለእረኛም «አንተ» ነበር የሚሉት። «አንተ በተወለድክ ሰሞን እናትህን ከመኝታዋ ማን አስነሣት?» አሉት።

ሹሙ የተወለደው ምን እንደሆነ ጠየቀ። ሴት መሆኗን ሲነግሩት፣ «እንግዲህ ሰማንያ ቀን ነዋ» አለ፣ እንደ መሰልቸት ብሎ። ክርስትናዋ እስኪደርስ ብቻ ነው ብሎ ገመዱን በቤቴ ጀርባ አዞረው። በዚያ በኩል የጎረቤቴ የከብት በረት ነበር።

«እማማ፣ በረቱ እኮ የእርስዎ ነው» አልኳቸው ከውስጥ።

«ላም ተነሥታ ትሄዳለች። አንቺ ተኚ።»

ልጄ ክርስትና ስትነሣ ነጋዴዎች ችካሉን ተከትለው ቤት ሠርተው ጨርሰዋል። ሹሙ መጥቶ አየ፤ አምስት ቆርቆሮ ቤት ከማፍረስ የእኔን ጎጆ መተው ቀለለው። ሠፈሩም እንደዚያው ጠምሞ አደገ። በረቱን ግን የመለሰላቸው የለም። ከብቶቻቸውን ይዘው ወደ አዋሽ ወረዱ።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከዚያ ወዲህ ያስነሣን የለም። በጸሎቴ የእሳቸውን ስም የምጠራው ከእናቴ ስም ቀጥሎ ነው።