ፍቺ የሌለው ጾም

አሜሪካኖችን አውቃቸዋለሁ እያልኩ ስኩራራ ኖሬያለሁ። ምኒልክ አደባባይ አጠገብ አንድ ኬክ ቤት ጥግ ይዤ ለፈረንጆች አማርኛ ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ፣ አንድ ሰው አይቶ ስለ አገሩ ሕዝብ መፍረድ የሥራ በሽታዬ ሆኗል። ለእኔ አሜሪካዊ ማለት ማኪያቶ የሚደራርብ፣ የተሰማውን ሁሉ የሚናገር፣ ፖለቲካ ሲነሳ ወንበሩን የሚያስጠጋ ሰው ነበር። ማስረጃዬ ከኒው ዮርክ የመጣ ተማሪዬ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ስድብ ተማረ፣ በሁለተኛው ውቤ በረሃ የቢራ ጓደኛ አፈራ፣ በሦስተኛው ስለ አገሩ ምርጫ ሲያወራ አጠገባችን የነበሩትን ሽማግሌዎች ለሁለት ከፈላቸው። ሲከፋው ደግሞ "ዛሬ ደብሮኛል፣ አታስተምረኝ" ይለኛል። ወድጄው ነበር።

ከዚያ ሁለተኛው መጣ። ዩታ ከሚባለው የአሜሪካ ግዛት ነው፣ ሞርሞን የሚባለው እምነት ተከታይ። አስተናጋጇ ማኪያቶ ስታቀርብለት በእምነቱ ቡና እንደማይጠጣ ነገራት። ሻይስ? ሻይም አይጠጣም። ቢራማ አይነሳም። ትኩስ ወተት አዘዘ። ኒው ዮርኬው ሳቀበት፤ እሱም አብሮ ሳቀ። ስምንት ወንድምና እህት እንዳለው ሲነግረን ግን "የሰፈራችን ልጅ ነህ በለኛ" አልኩት።

እየቆየ ንድፈ ሐሳቤን አበላሸብኝ። አይሳደብም። ጉንፋን ጥሎት እንኳ "ደህና ነኝ" ይላል። አንድ ቀን በሸቀኝና "አንተ አሜሪካዊ አይደለህም እንዴ? ተማረር እንጂ" አልኩት።

"እኛ ቤት ማማረር ነውር ነው" አለኝ።

ይሄማ የእናቴ ጠባይ ነው። ጉልበቷ እየጠዘጠዛት "ተመስገን" የምትል ሴት ናት። ፖለቲካውንም ብጠይቀው፣ አብዛኛው የእምነቱ ሰው ወግ አጥባቂውን ፓርቲ እንደሚመርጥ አልደበቀኝም፤ እናትና አባቱ ግን ድምፃቸውን ለየቅል ነው የሚሰጡት፣ እራት ላይ የሚወራው ስለ ቅርጫት ኳስ ነው። የስደተኛ ነገር ሲነሳ "ይግቡ" ከሚለው ከኒው ዮርኬው ጋር ተስማምቶ ቁጭ አለ። እምነቱን ሊሰብክ ሁለት ዓመት ሰው አገር ኖሯልና እንግድነትን ያውቀዋል።

ሁለቱንም እሪ በከንቱ ሰፈር እናቴ ቤት ወሰድኳቸው። ቡና ስትሰጠው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ "አልጠጣም እማማ" አላት። እናቴ ወዲያው ገባት፤ ልጁ ጾም ይዟል። ድፎውን ከፊቱ አነሳች፣ ቆሎውንም አነሳች። "ጾመኛ አላሳስትም" አለችኝ በጆሮዬ። እኔ ወሬ ይዤ ልብ አላልኩም። ልጁ የኒው ዮርኬውን አፍ እያየ ሁለት ሰዓት ተቀመጠ። በርሃብ መሞቱን የነገረኝ ከወር በኋላ ነው፣ እሱንም እየሳቀ።

ከዚያ ወዲህ በሄድኩ ቁጥር "የዚያ ልጅ ጾም አልተፈታም?" ትለኛለች። የእምነቱ ሕግ ነው፣ ዕድሜ ልኩን ነው ብላት አልዋጥልሽ አላት። "ፍቺ የሌለው ጾም የት አይተህ ታውቃለህ?" ትለኛለች። ቤቴ ገብቶ ምንም ሳይቀምስ ወጣ የሚለው ነገር እንደከነከናት ቀረ።

ሑዳዴ ሊገባ ሰሞን ሰፈሩ ሊፈርስ ነው ተባለ። ለእናቴ ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሳት፣ ሦስተኛ ፎቅ። ቤቱ አዲስ ነው፣ ውሃው እቤት ውስጥ ነው፣ እኔም ይህንኑ እየደጋገምኩ አሰለቸኋት። ሲኒዎቿን በጋዜጣ እየጠቀለለች "እሱስ ደህና፤ እዚያ ማን ይመጣልኛል?" አለችኝ። ስታማርር የሰማኋት ያን ቀን ብቻ ነው። ጋዜጣ አቀበልኳት።

በምትለቅበት ቀን ሞርሞኑ ገና ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጓንትና ገመድ ይዞ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ማንም አልጠራውም። እነሱ ዘንድ ሰው ቤት ሲቀይር ዕቃውን መሸከም የተለመደ ነው አለ። ኒው ዮርኬው አራት ሰዓት ላይ ደረሰ፤ በሰፈሩ መፍረስ ተናደደ፣ እናቴን አቅፎ አሳቃት፣ ከዚያ ልንጭነው በነበረው ሶፋ ላይ ተቀምጦ ንግግር ጀመረ። የተናገረው ሁሉ የልቤ ነበር። ስለዚህ ዝም ብሎ ቡፌውን በተሸከመው ላይ ደሜ ፈላ።

"አንተ ምንም አይሰማህም?" አልኩት።

"ይሰማኛል" አለ እያለከለከ። "ቡፌው ግን ከባድ ነው፤ በዚያ በኩል ያዝልኝ።"

ያዝኩለት።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ እናቴ ደረጃው ላይ ኮቴ በሰማች ቁጥር በር ትከፍታለች። ኮቴው የላይኛው ፎቅ ሰዎች ነው። ከእኔ ሌላ የመጣ የለም፤ ኒው ዮርኬውም በስልክ ሰላም ብሏታል እንጂ መንገዱ ርቆበታል። በሦስተኛው እሁድ እዚያው ሳለሁ በሩ ተንኳኳ። ሞርሞኑ ነው፣ በፎይል የተሸፈነ ሳህን ይዟል። በእነሱ ልማድ ቤት የቀየረን ሰው ሄደው ይጠይቃሉ፣ ራሱ ብስኩት ጋግሮ ነው የመጣው።

እናቴ ሳህኑን ተቀብላ ሳመችው። ሲኒ አነሳችና ትዝ ሲላት መልሳ አስቀመጠችው። በምትኩ በብርጭቆ ተልባ በጥብጣ ሰጠችው። ዝልግልጉን ሳይተነፍስ ጨለጠው። የእናቴ ፊት ሲፈታ አየሁት። ከዚያ ወደ ብስኩቱ ዞራ "ቅቤ አለው?" አለች።

"አለው እማማ" አለ በኩራት። "እንቁላልም አለው።"

"ሑዳዴ ነው ልጄ። አልበላም።"

ልጁ ጆሮው ድረስ ቀላ። ያስተማርኩትን አማርኛ አሰባስቦ "መቼ ነው የሚፈቱት?" አላት።

"ለፋሲካ።"

"እንግዲያው ለፋሲካ እመጣለሁ። አዲስ እጋግራለሁ።"

ከሄደ በኋላ ሳህኑን እንደተሸፈነ ቡፌው ላይ አስቀመጠችው። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጣቷን እያጠፈች ትቆጥር ጀመር።

"አምስት ሳምንት ቀርቶታል" አለችኝ። "መጋረጃ ግዛልኝ። ሰው ይመጣልኛል።"